የኸሚስን ምርቃት ማስጠናት

«እንደሱ አይደለም!» አለች ዋሲላ። «አባትህ ሲመርቅ ይቸኩል ነበር እንዴ? ‹ያረቢ› ካለ በኋላ ቆም ይላል። ይስላል። ከዚያ ነው የሚቀጥለው። በል እንደገና።»

ካሊድ ከመጋረጃው ጀርባ፣ አባቱ ታሞ ተኝቶበት በነበረው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጉሮሮውን ጠረገ። «ያረቢ…» አለና ሳል አደረገ፤ «ልጄን ከክፉ ዓይን ሰውርልኝ…» ድምፁ ቁርጥ የኸሚስ ነው። አባትና ልጅ በመልክ አይገናኙም፤ ካሊድ ወደ እናቱ ነው የወጣው። በድምፅ ግን ኸሚስ በሕይወት ሳለ እንኳ ስልክ የሚደውል ሰው ሁሉ «አባትዮው ነህ ልጅዮው?» ብሎ ሳያጣራ ወሬ አይጀምርም ነበር። አሁን ኸሚስ አፈር ከለበሰ ሁለተኛ ወሩን ይዟል፤ ድምፁ ግን ከአበባማው መጋረጃ ጀርባ ይመጣል። ሚስቱ ሙጂባ ግድግዳውን ተደግፋ ምስር ትለቅማለች። «ያረቢ» የሚለው በመጣ ቁጥር እጇ ትሪው ላይ ቀጥ ይልና ጥቂት ቆይቶ መልቀሙን ይቀጥላል። ዋሲላ ይሄን አይታለች። አላየሁም ብትል ውሸቷን ነው። ግን ሥራ ይዛ ነበር፤ ሥራ የያዘ ሰው ደግሞ የሰው እጅ ቆመ ብሎ ሥራውን አይተውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐይቅ ከተማ በጦርነቱ ተይዛ በነበረችባቸው ሳምንታት መብራትም፣ ስልክም፣ መንገድም አልነበረም። ኸሚስ የስኳር በሽታ ነበረበት። መርፌው አለቀ፤ የመድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ ባዶውን ነው፤ ወደ ደሴ እንዳይሉ አስፋልቱ ላይ ተኩስ ነው። እየዛለ፣ አፉ እየደረቀ፣ ውሃ ውሃ እያለ ሄደ። የሰፈሩ ቅሬ፣ ዕድሩ፣ ድንኳን ሳይተክል፣ ተኩሱ ረገብ ያለበትን ሰዓት ጠብቆ ቀበረው። መቃብሩን ከቆፈሩት አንዱ የጎረቤታቸው የባንቺአየሁ ባል አያሌው ነው፤ ያን ቀን እስላም ክርስቲያን የሚል አልነበረም፣ አካፋ ያለው ሁሉ መጣ። ከዚያ ከተማው ተመለሰ፤ የሸሸው ሰው ፍራሹን ተሸክሞ ገባ፤ ትናንት ደግሞ ኔትወርክ ተለቀቀ። ሪያድ ሰው ቤት የምትሠራው የኸሚስ ልጅ ሀያ እንግዲህ ዛሬ፣ ዓርብ፣ ከጁምዓ በኋላ አሠሪዎቿ ዘመድ ጥየቃ ሲወጡላት ትደውላለች። ድሮም የምትደውለው በዓርብ ነው። ገና ስልኩ ከመነሳቱ የምትለውም አንድ ነው፤ «አባ የት አለ?»

ይነገራት አይነገራት የሚለውን የቆረጠችው ዋሲላ ናት። የኸሚስ ታላቅ እኅት ናት፣ እሷ የቆረጠችውን ደግሞ በዚያ ቤት የሚቀጥል የለም። መርዶ በስልክ አይነገርም አለች። መርዶ በጠዋት፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ግራና ቀኝ የሚይዝ ባለበት ነው የሚነገር። እሷ ራሷ ጅዳ ሳለች የእናቷን ሞት የሰማችው የእመቤቲቱን ቀሚስ እየተኮሰች፣ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሀል ወትፋ ነው። ካውያውን እንኳ አላስቀመጠችም፤ ቀሚሱ ቢቃጠል ማን ይከፍላል? ይሄ በሀያ ላይ አይደርስም። ሪያድ ያሉት የሐይቅ ልጆች ይፈለጋሉ፣ አንድ ዓርብ ተሰብስበው መሀል ያስቀምጧታል፣ ወጉን ጠብቀው ይነግሯታል። እስከዚያው ኸሚስ አለ። ጉንፋን ይዞታል፣ ድምፁ ትንሽ ሻክሯል፣ እንጂ አለ። ያን ያህል ጊዜ ድምፁን ያልሰማች ልጅ ደግሞ «እርሻ ወርዷል» ብትባል አታምንም። ድምፅ ያስፈልጋል። ድምፁ ያለው ካሊድ ጋ ነው።

ማሠልጠን ለዋሲላ አዲስ አይደለም። ከጅዳ ከተመለሰች ወዲህ ከሐይቅም ከአምባሰል ገጠርም ወደ ዐረብ አገር የሚሄዱ ልጃገረዶች ሳይሄዱ በፊት እሷ ቤት ጎራ ይላሉ። መንግሥት ሥልጠና ይሰጣቸዋል፣ ወረቀትም ይሰጣቸዋል፤ እሷ የምትሰጠው ሌላ ነው። ካርቶን ትገለብጥና ልብስ ማጠቢያ ማሽን ይሆናል፣ ቁልፎቹን በጠመኔ ትሥልበታለች። ሲጠሩሽ «ሃዲር» በይ፣ አቤት ማለት ነው፤ ሲቆጡሽ ዓይንሽን ወደ ምንጣፉ። «ማልቀስ ከመጣብሽ ደግሞ ፊታቸው እንዳታለቅሺ። ወጥ ቤት ግቢና ቧንቧውን ክፈቺው። ውሃው ይጮኻል፣ አንቺ ታለቅሻለሽ፤ ሰሃን የምታጥቢ ነው የሚመስላቸው።» ይሄንኑ ለሀያም እዚሁ ኸሚስ ቤት መጥታ አስጠንታታለች። ሀያ ሳቀች ያኔ። «አክስቴ፣ እዚያ ሄጄ ለምን አለቅሳለሁ?» አለች።

ካሊድም ቢሆን አሠልጣኝ ነው፤ ሐይቁ ዳር ባለው ሜዳ የሰፈሩን ልጆች ኳስ ያሠለጥናል፣ ሰው ሁሉ «ኮች» ነው የሚለው። ፊሽካ ይዞ አያውቅም። አያስፈልገውም ነበር። ከሜዳው ጫፍ ቆሞ «ክንፍህን! ክንፍህን ተመልከት!» ሲል ታንኳ ላይ ያለ ዓሣ አስጋሪ ቀና ይላል። ያን ሰሞን ሜዳው ለሁለት ተከፍሎ ነበር፤ በአንድ ወገን የካሊድ ልጆች፣ በሌላው ወገን ዱላ እንደ ጠብመንጃ አንግተው «ግራ ቀኝ» የሚሉ ሚሊሻዎች። ከካሊድ ልጆች ትልልቆቹ ወደዚያኛው አሠልጣኝ ተሻግረዋል። እሱ ስለዚህ ነገር ምንም አይናገርም።

«ኮች አይደለህ እንዴ?» አለችው ዋሲላ ከመጋረጃው ወዲህ ሆና። «ሰው ሲያሳይህ ለምን አትቀበልም?»

«አክስቴ፣ እኔ የማስጠናው ኳስ ነው።»

«ይሄ ከኳስ ያንሳል?»

ከ«ያረቢ» ጀመረ። አላህ ከክፉ ይሰውርሽ፤ በሄድሽበት ያቅናሽ፤ እንጀራሽን ያለ እንባ ያብላሽ፤ እንደ አርዲቦ ሐይቅ ውሃ ሲቀዱት የማይጎድል ይስጥሽ። ይሄን እስከዚህ ማንም ይለዋል። የኸሚስ የራሱ የሆነው መጨረሻው ነው። ኸሚስ በኢሞ ሲደወል ሂሳብ አይቆጥርም ቢሉት አላመነም፤ ሰው ወዲያ ማዶ ሆኖ እየታየ እንዴት በነጻ ይሆናል? ስለዚህ መርቆ መርቆ ሲያበቃ፣ አሚኗ ከአፏ ሳይወጣ፣ «በይ ዝጊው ዝጊው፣ ይቆጥርብሻል!» ይላል። ዋሲላ ይቺን ሦስቴም አራቴም አስደገመችው። በመጨረሻው ላይ እንደ ኸሚስ ቆጣ ብሎ አለው፤ ዋሲላ ሳታስበው ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቤቱ ውስጥ ተከታይ አላገኘም።

ቀጥሎ ሙጂባ ነበረች። ሙጂባ ኢዳ ላይ ናት፤ ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከዐሥር ቀኗ እስኪሞላ የምትጠብቀውን ትጠብቃለች፣ ነጭ በነጭ ለብሳ፣ ሳትኳል፣ ሳትዋብ። ሀያ ደግሞ በምስል ነው የምትደውለው፤ እናቷን በነጭ ካየች አለቀ። ዋሲላ ከራሷ ሳጥን ያወጣችውን ብርቱካንማ ሻሽ ሰጠቻት። አረንጓዴ ቀሚስም አብራ አመጣች።

«እቴ» አለች ሙጂባ፣ ታላቅነቷን አክብራ እንዲህ ነው የምትጠራት፤ «ኢዳ ላይ ነኝ'ኮ።»

«ለስልክ ነው እንጂ ለወንድ ነው? አላህ ኒያሽን፣ ልብሽን ያያል። ነጩን ተመልሰሽ ትለብሽዋለሽ፣ ማን ይወስድብሻል?»

ሙጂባ ሻሹን ተቀብላ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። ዋሲላ ዝምታዋን እሺታ አደረገችው፤ ዝምታ እኮ ለጉልበተኛ ሁሌም እሺታ ነው። «ጉንፋን ነው በይ፤ ሐኪም አይቶታል በይ፤ አታብዢ» ብላ አስጠናቻትና ስልኩን ቻርጅ ልታስደርግ ወጣች።

መብራት ገና አልመጣም። አስፋልቱ ዳር አብዱልጀባር ሱቁ በራፍ ላይ ጄኔሬተር አቁሞ የከተማውን ስልክ ሁሉ በአንድ ገመድ ላይ ሰክቶታል፤ ድሮ በነጻ ይደረግ የነበረውን ዛሬ ሠላሳ ብር ይላል። ዘይት አይጠየቅም፤ ስኳር ቢገኝም በኪሎ አይደለም፣ በስኒ ሆኗል። «ስኳርስ ይቅርብን» አለችው ዋሲላ፤ እሱም የኸሚስ ነገር ትዝ ብሎት አቀርቅሮ ስልኳን ሰካላት። እስኪሞላ ስትጠብቅ ባንቺአየሁ በክንዷ ያዘቻት። «ነይ፣ አዳራሹ ውስጥ ሥልጠና አለ፤ ብስኩትና ጁስ ይሰጣሉ፤ ቆመሽ ከምትቀሪ።» ያን ጊዜ ሥልጠና የሌለበት ቀን አልነበረም። የሚሊሻ ሥልጠና፣ የሥራ ፈጠራ ሥልጠና፣ የተጎዳ ልብ ሥልጠና። ከደሴ የመጣች፣ ባጅ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ቀጭን ልጅ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ለተቀመጡት ሴቶች እየተናገረች ነበር።

«እኔ አስተማሪያችሁ አይደለሁም እናቶቼ» አለች ልጅቱ፤ «ኮች ነኝ። ኮች መልስ አይሰጥም። ይጠይቃል፣ ከዚያ ይሰማል።»

«መልስ ካልሰጠች ለምን አበል ይከፍሏታል?» አለች ዋሲላ ድምፅዋን ሳትቀንስ። ሴቶቹ ሳቁ፤ ልጅቱም ሳቀች። ቀጥሎ ጥንድ ጥንድ ሁኑና አንዳችሁ ሌላዋን አንድ ነገር ጠይቁ፣ ሳታቋርጡ ስሙ ተባለ። ባንቺአየሁ ብስኩቷን እያኘከች ወደ ዋሲላ ዞረች።

«እሺ፣ እኔ ልጠይቅሽ። ሙጂባ ምን አለች?»

«ስለ ምኑ?»

«ስለዚህ ስለ ስልኩ ነገር። ካሊድን እንደ አባቱ ልታናግሪ ነው አሉ።»

«ምን ትላለች? ኀዘንተኛ ናት። ኀዘንተኛ ይመከራል እንጂ ይጠየቃል? ይልቅ ልጅሽ እድላዊት ዛሬ ከደወለችልሽ ስለ ኸሚስ እንዳታነሺባት። ሪያድ አንድ ሰፈር ናቸው፣ ለሀያ ትነግራታለች።»

«አላነሳባትም፣ ማርያምን» አለች ባንቺአየሁ። የልጇን ድምፅ እሷም ከጥቅምት ጀምሮ አልሰማችም። ብስኩቷን ዋጠችና «እኔ ግን ብሆን…» ብላ ጀመረች። ዋሲላ ጁሷን ጨርሳ ተነሳች። ሳታቋርጡ ስሙ የተባለው ለሌላ ሰው ነው የመሰላት።

ሀያ የደወለችው ሰው ከጁምዓ ተመልሶ ምሳ በበላበት ሰዓት ነው። ሙጂባ አረንጓዴውን ለብሳ ብርቱካንማውን ሻሽ አስራ ከመስኮቱ ፊት ተቀምጣለች፤ ካሊድ ከመጋረጃው ጀርባ ነው፤ ዋሲላ ምስሉ ውስጥ በማትገባበት በኩል፣ ሁለቱንም ማየት በምትችልበት ቦታ ቆማለች። የሀያ ፊት መጣ። ከኋላዋ ነጭ የወጥ ቤት ሴራሚክ ይታያል። «እማ» አለችና አለቀሰች። ማልቀሷ ማንንም አላስደነገጠም፤ ያን ያህል ጊዜ የተጠፋፋ ሰው ያለቅሳል። ሙጂባም አለቀሰች፤ ይሄንንም ዋሲላ አልከለከለችም፣ ሸጋ ነው፣ የናፍቆት ይመስላል። ከዚያ ሀያ እንባዋን በመዳፏ ጠርጋ እናቷን ዝም ብላ አየቻት። እንደ ሰው ፊት ሳይሆን እንደ ልብስ ነበር ያየቻት፤ ከሻሹ ጀምራ ወደ ታች።

«ሻሽሽ አዲስ ነው?»

«የአክስትሽ ነው።»

«አምሮብሻል እማ» አለች ሀያ። ዝቅ ብላ ደግሞ፣ «አምሮብሻል» አለች።

ስለ ጎረቤት ጠየቀች፤ ስለ ቤቱ ጣሪያ ጠየቀች፤ ላሚቱ መወሰዷን ሰምታ «አብሽሩ፣ ይተካል» አለች። ሁሌ መጀመሪያ የምትጠይቀውን ግን አልጠየቀችም። ዋሲላ ጠበቀች። ቆማ ጠብቃ ጠብቃ፣ ዝግጅቱ ሁሉ ባዶ ሊቀር ሲሆንባት፣ ከቆመችበት «አባትሽ ውስጥ ነው፣ ጉንፋን ጥሎታል!» አለች። «ኔትወርኩ እያቆራረጠ ነው፣ ምስሉን አጥፊና በድምፅ ብቻ አናግሪው።»

«እሺ አክስቴ» አለች ሀያ በመጨረሻ። ምስሏ ጠፋ። ስልኩ በመጋረጃው ሥር ገባ።

«አባ?»

ካሊድ «ያረቢ…» አለ። ቆመ። ሳለ። ከዚያ ምርቃቱን አንድ በአንድ፣ ሳይቸኩል፣ ጠዋት ከተለማመደው አሳምሮ አወረደው። ሀያ በየመሀሉ «አሚን» ትላለች። የመጀመሪያዎቹ አሚኖች ጥርት ያሉ ነበሩ። ወደ እንጀራሽን ያለ እንባ ያብላሽ ሲደርስ ከወዲያ በኩል የቧንቧ ውሃ ሲከፈት ተሰማ፤ ሰሃን ላይ የሚወርድ የሚመስል፣ የሚጮኽ ውሃ። አሚኗ ከዚያ በኋላ ከውሃው ሥር ነው የመጣው። ዋሲላ ውሃውን ሰማች። ሰሃን እያጠበች ነው አለች በልቧ፤ ሥራ አለባት ምስኪን። ያ ቧንቧ ማን ያስተማረው ቧንቧ እንደሆነ ወደ ልቧ ሊመጣ ሲል መልሳ ገፋችው፤ ዋሲላ አንዴ የያዘችውን ነገር መልቀቅ አትችልበትም።

«በይ ዝጊው ዝጊው፣ ይቆጥርብሻል!» አለ ካሊድ።

«ይቁጠር አባ» አለች ሀያ። «ዛሬ ይቁጠር። አትዝጋብኝ።»

ካሊድ ይሄን አልተለማመደም። በመጋረጃው ቀዳዳ ወደ አክስቱ አየ።

«አባ፣ አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ» አለች ሀያ ከውሃው ውስጥ። «አትሂጂ ስትለኝ ተቆጥቼህ ነው የወጣሁ። ዞሬ ሳላይህ ነው መኪናው ላይ የወጣሁ። አውፍ በለኝ። ውሃ ውሃ ስትል አጠገብህ አልነበርኩም። አንዲት ብርጭቆ አላቀበልኩህም።»

ዋሲላ መጋረጃውን ገልጣ በእጇም በከንፈሯም «አውፍ ብዬሻለሁ በላት! በላት!» አለችው። እሱ የሚያየው ግን ስልኩን እንጂ አክስቱን አልነበረም። «አውፍ ብዬሻለሁ» አለ። ይሄኛው የኸሚስ ድምፅ አልነበረም፣ የራሱ የካሊድም አልነበረም። ከዚያ መስመሩ ተዘጋ፤ ማን እንደዘጋው አልታወቀም።

«አያችሁ?» አለች ዋሲላ፣ ቁጭ ብላ ላቧን እየጠረገች። «ምንም አልጠረጠረችም። ውሃ ውሃ ማለቱማ ድሮም ስኳር ሲነሳበት ነው የሚለው።» ካሊድ ጫማውን አጥልቆ ምሳ ሳይቀምስ ወደ ሜዳ ወጣ። ሙጂባ ሻሹን ፈታች፤ በአራት አጠፈችው፤ መጥታ ዋሲላ ጭን ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ወደ መጋረጃው ጀርባ ገብታ ነጯን ለብሳ ወጣች፤ ምስሩንም አነሳች፤ ዋሲላንም አላየቻትም። ከሰዓት በኋላው እንዲህ አለፈ። ዋሲላ ስለ ዘይት አወራች፣ ስለ ጣሪያው አወራች፣ የሪያድ ልጆችን እነ ማንን ማን እንደሚያገኝላት አወራች። ከሙጂባ በኩል ምስሩ ትሪው ላይ ሲንኳኳ ብቻ ይሰማል።

ፀሐይ ወደ አምባሰል ተራሮች ስታዘቀዝቅ ባንቺአየሁ ጫማዋን ውጭ ሳታወልቅ ገባች። ዓይኗ ቀልቷል። ዋሲላ ነጥላ ውጭ ልታነጋግራት ስትነሳ «እዚሁ ልናገር፣ ሙጂባም ትስማ» አለች። እድላዊት ደውላላት ነበር። ባንቺአየሁ እንደተመከረችው ስለ ኸሚስ አፏን አልከፈተችም፤ የከፈተችው እድላዊት ናት። «እማዬ፣ ነፍስ ይማር በይልኝ ለሙጂባ» አለቻት። ከኸሚስ ቀባሪዎች አንዱ በበረሃው ዞሮ አዲስ አበባ ገብቶ ኖሮ ሪያድ ደውሏል፤ ገና ከተማው ሳይለቀቅ ነው። የሐይቅ ልጆች፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ አንድ ዓርብ እድላዊት ክፍል ተሰብስበው ሀያን መሀል አስቀምጠው ነግረዋታል። ግራና ቀኝ ይዘዋታል። ወግ የጎደለበት የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሀያ እያንዳንዳቸውን ስታስጠና ነው የከረመችው። «እናቴ ከደወለች የምታውቁ እንዳትመስሉ። ብቻዋን ናት፤ መንገሩን እሷ ትጀምረው። እስክትጀምረው እኔ አላውቅም።»

«ታዲያ ዛሬ…» አለች ዋሲላ።

«ዛሬማ ለእድላዊት ደውላ ነበር አሉ፣ ካናገረቻችሁ በኋላ። ‹ወንድሜን አባቴ ሆኖ አናገርኩት› አለቻት። ‹እንዳላሳፍራቸው አሚን አልኩ፤ ኋላ ግን እውነትም አባቴ መስሎኝ አውፍ በለኝ አልኩት።›»

ዋሲላ ተቀመጠች። ውሃው አሁን ነው የተሰማት። ካርቶኑን ገልብጣ፣ ጠመኔ ይዛ፣ ቧንቧውን ክፈቺው ያለቻት እዚህ ወለል ላይ ነው፤ ልጅቱ ያስጠኗትን የማትረሳ ልጅ ናት። «ልደውልላትና ላስረዳት» አለች፤ ስልኩን አንስታ ግን ቁጥሩን አልነካችም፤ ከየት እንደምትጀምር ታዘጋጅ ነበር። ሙጂባ ትሪውን አስቀመጠች።

«ስልኩን ስጪኝ።»

«ቆይ፣ ምን እንደምትያት ልንገርሽ…»

«አትንገሪኝ፣ እቴ።»

ይሄን ያለችው ሳትጮኽ ነው። ዋሲላ ስልኩን ሰጠቻት። ሙጂባ በምስል ደወለች፤ ስልኩን ከፊቷ ራቅ አድርጋ፣ ነጩ ሻሽ፣ ነጩ ቀሚስ፣ ሁሉም እንዲታይ አድርጋ ያዘችው። ሀያ አነሳች። አየች። ከዚያ ሙጂባ «አዎ ልጄ» አለች፤ ሀያም ስልኳን ከአንድ ነገር ጋ አስደግፋ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለች፤ ከራሷ እስከ እግሯ ጥቁር ለብሳ ነበር። ቀን በምስሉ የታየው ፊቷ ብቻ ስለነበር ልብሷን ያስተዋለ የለም። እናትና ልጅ ያን ጊዜ ጮኹ። ባንቺአየሁ ሙጂባን ከወገቧ ያዘቻት። ሀያን የሚይዛት አልነበረም፤ ብቻዋን በሰው ወጥ ቤት ውስጥ ጮኸች፣ ቧንቧውን ሳትከፍት። ዋሲላ የፈራችው ሁሉ፣ ይደርሳል ያለችው ሁሉ፣ ያው ደረሰ፤ ብቻ ቀድሞ ደርሶ ኖሮ አሁን የደረሰው ሁለተኛው ነው።

ለቅሶው ሲበርድ ካሊድ በር ላይ ቆሞ ነበር። ሀያ አላየችውም። «እማ» አለች፣ አፍንጫዋ ተደፍኖ፤ «አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ካሊድን እንዳትቆጪው። ኔትወርክ ሳይጠፋ አባ ለመጨረሻ ጊዜ የመረቀኝን በጆሮዬ ይዤው ነበር። ሥራ ጨርሼ ስተኛ ዓይኔን እጨፍንና እሰማዋለሁ። ‹ያረቢ› ይላል፣ ይስላል፣ ‹ዝጊው፣ ይቆጥርብሻል› ይለኛል። ዛሬ አሁን ልሰማው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። የካሊድ ነው የሚመጣብኝ። ሳሉ ራሱ የካሊድ ነው። የአባን ፈለግኩት፣ የለም።»

ሙጂባ እንባዋን በነጩ ሻሽ ጫፍ ጠረገች።

«አክስቴ አለች?» አለች ሀያ።

«አለች።»

«ምነው ዝም አለች?»

ሙጂባ ስልኩን ወደ ዋሲላ አዞረችው። ዋሲላ ለሁሉም የሚሆን ቃል ያላት ሴት ናት፤ ለእመቤት ምን እንደሚባል፣ ለሹፌር ምን እንደሚባል፣ ኬላ ላይ ምን እንደሚባል አስጠንታ ብዙ ልጅ ሸኝታለች። ምስሉን አየችው። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ቀና ስትል በሩ ላይ ካሊድ የለም፤ ሄዷል።

በማግስቱ ጠዋት ዋሲላ ቤቷ በር ላይ ቆማ ከሜዳው በኩል ያልለመደችውን ነገር ሰማች። የሚሊሻዎቹ መስሏት ነበር። ወረድ ብላ በአጥሩ ላይ አየች፤ ሚሊሻዎቹ ገና አልመጡም። ልጆቹ ኳሱን ይዘው ተበትነዋል፤ ካሊድ ከሜዳው ጫፍ ቆሟል፤ አፉ ላይ ከአብዱልጀባር ሱቅ የተገዛች ቀይ የፕላስቲክ ፊሽካ አለች። አንዱ ልጅ ተሳሳተ። ካሊድ ነፋ። ልጁ ምን እንዳጠፋ አልገባውም፤ ዞሮ አሠልጣኙን ጠበቀ። ካሊድ በእጁ አመለከተው፣ እንደገና ነፋ።